የፋሲካ ገበያ በባሕር ዳር፦ ሳይታለሉና ሳይታመሙ ለመግዛት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በቅዳም ሹር ከሰዓት በኋላ ገበያ የገባ ሰው የሚገዛውን ለመመርመር ጊዜ የለውም። ዶሮው ዛሬ መታረድ አለበት፣ ሽንኩርቱ መቁላላት አለበት፣ ቅቤው ገና አልተነጠረም። አብዛኛው ነጋዴ ሐቀኛ ነው፤ ደንበኛውን ከበዓል በኋላም ይፈልገዋል። ሚዛን የሚያጎድለው፣ በርበሬ ላይ ቀይ አፈር የሚጨምረው፣ ሐሰተኛ ብር የሚያስተላልፈው ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያንን የጥድፊያ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ይህን መመሪያ በዕቃ ዓይነት ሳይሆን በቀን ቅደም ተከተል አዘጋጅቼዋለሁ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጊዜው ለነፍስ የተሰጠ ቢሆንም ለጓዳም ይበቃል። የእያንዳንዱን ዕቃ ግዢ ለአንድ የጾሙ ሰንበት ብንመድበው በመጨረሻው ቀን የሚቀረን ጥቂት ነገር ብቻ ይሆናል። ለገናና ለእንቁጣጣሽ የሚዘጋጅ ሰውም ሳምንታቱን ብቻ ቀይሮ ሊጠቀምበት ይችላል።

መጀመሪያ፦ ዝርዝርና የራስ ሚዛን

የሚያስፈልገውን ሁሉ በወረቀት ይጻፉ፤ ከጎኑ ደግሞ ዛሬ የሚሸጥበትን ዋጋ። የበዓል ሳምንት ዋጋ «ጨመረ» ሲባል ከምን ተነሥቶ እንደ ጨመረ የሚያውቅ ሰው ይከራከራል፤ የማያውቅ ይከፍላል። ቅዳሜ ገበያ ሲሄዱ ሳይገዙም ቢሆን ሦስት ነጋዴ ጋር ዋጋ ይጠይቁ። ዕቃ አይቶና ዋጋ ተደራድሮ ሳይገዙ መሄድ የሸማች መብት ነው፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። «ነካክተህ ልትሄድ ነው?» የሚል ነጋዴ ሊያሸማቅቅዎት አይገባም።

ሚዛንን ለመፈተን ሙያ አይጠይቅም። ያልተከፈተ የአንድ ሊትር የታሸገ ውኃ ይያዙ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ የፕላስቲኩ ክብደት ጥቂት ግራም ነው። ነጋዴው ሚዛን ላይ ያስቀምጡትና ቁጥሩን ያንብቡ። አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ቢል ያ ሚዛን እርስዎን አያገለግልም። ሐቀኛ ነጋዴ በዚህ አይቆጣም፤ የሚቆጣውን ትተው ማለፍ ነው። ዕቃው ከመቀመጡ በፊት ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን፣ ከሥሩ ምንም አለመደገፉንና የነጋዴው እጅ ሳህኑን አለመንካቱን ይመልከቱ። ሳህኑ ላይ አስቀድሞ የተቀመጠ ወፍራም ካርቶን ወይም ዘንቢል ካለ እንዲነሣ ይጠይቁ፤ በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጥልዎት እርሱም ጭምር ነውና።

እስከ ደብረ ዘይት፦ በርበሬ

ከደብረ ዘይት እስከ ፋሲካ አራት ሳምንት አለ። በርበሬ ተመርጦ፣ ተቀምሞ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ተፈጭቶ እስኪያልቅ ይህ ጊዜ ያስፈልጋል። ከተቻለ ዱቄት አይግዙ፤ ዛላውን ይግዙ። ከጎጃም በኩል ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም አካባቢ የሚመጣ በርበሬ በባሕር ዳር ገበያ አይጠፋም።

ዛላ ላይ የሚሠራው ማታለል ውኃ ነው። ክብደት እንዲጨምር ማታ ውኃ ይረጭና ጠዋት ለገበያ ይቀርባል። አንድ እፍኝ ይዘው ይጭመቁት፤ ደረቅ በርበሬ ይንኮሻኮሻል፣ ይሰበራል። ውኃ የተረጨው ድምፅ ሳያሰማ ይታጠፋል። ከጆንያው አፍ ላይ ብቻ አይውሰዱ፤ ከመሐሉ አውጥተው ሦስት አራት ዛላ ሰንጥቀው ውስጡን ይዩ። ግራጫ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካለ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ አይግዙ። በእንዲህ ያለ ሻጋታ ላይ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ወጥ ላይ መፍላቱም አያጠፋውም። ሻጋታውን ጠርጎ ወይም አጥቦ መጠቀም መፍትሔ አይደለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ጉዳቱ በዓል ሲያልፍ ስለማይታይ ነው፤ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው።

ወፍጮ ቤት ሲሄዱ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ይቁሙ። ከእርስዎ በፊት ምን እንደ ተፈጨም ይጠይቁ።

ዱቄት መግዛት ግድ ከሆነ መጀመሪያ ሩብ ኪሎ ብቻ ይግዙና ቤት ይፈትኑት። በብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ በስሱ ይበትኑ። አፈርና የሸክላ ብናኝ ፈጥኖ ወደ ታች ይወርድና ከሥር እንደ ዝቃጭ ይተኛል፤ በጣት ሲታሽ ያሻክራል። ሰጋቱራ ተንሳፍፎ ይቀራል። ገና ሲነካው ደማቅ ቀይ መስመር እየሠራ በውኃው ውስጥ የሚወርድ ከሆነ የተጨመረ ቀለም ይጠርጥሩ፤ የበርበሬ የራሱ ቀለም በዘይት እንጂ በውኃ እንዲያ አይለቅም። ፈተናው ላቦራቶሪን አይተካም። ዘይት የሚያሟሟው ቀለም በዚህ መንገድ አይያዝም፤ ዛላውን መግዛት ይሻላል የምለውም ለዚህ ነው።

ከገብር ኄር እስከ ኒቆዲሞስ፦ ቅቤ

በበዓል ገበያ ገንዘብ በብዛት የሚጠፋው ቅቤ ላይ ነው። ጾም ስለሆነ ገዢው አይቀምስም፤ አጭበርባሪው ይህንንም ያውቃል። በማሽተትና በማየት ብቻ የሚገዛ ዕቃ ስለሆነ ፈተናውን ማወቅ ግድ ይላል።

ቅቤ ላይ የሚቀላቀሉት ነገሮች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ውኃ ወይም በደንብ ያልወጣ አሬራ ነው። ሁለተኛው የተላጠ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች ወይም ዱቄት ነው። ሦስተኛው፣ ለመለየት አስቸጋሪው፣ የሚረጋ የአትክልት ዘይት ነው።

ገበያ ላይ ሳሉ እንዲህ ያድርጉ። ቅቤው በኮባ ወይም በላስቲክ የተጠቀለለ ከሆነ ይፈታ ይበሉ። ከላይ ያለው ለጋ፣ ከውስጥ ያለው ሌላ ሊሆን ስለሚችል በቢላ ወይም በንጹሕ እንጨት ከመሐል ይቆረጥ። ቀለሙ ከዳር እስከ መሐል አንድ ዓይነት ነው? ሲጫኑት የውኃ ጠብታ ያወጣል? በሁለት ጣት መካከል ጥቂት ይሹ፤ ንጹሕ ቅቤ በእጅ ሙቀት እየቀለጠ ይለሰልሳል። ክር ወይም እብጠት ቢጤ ከቀረ ባዕድ ነገር አለበት። ከዚያ ያሽትቱ። ለጋ ይሁን መካከለኛ ወይም በሳል፣ ቅቤ የወተት መነሻው ይሸታል። ሽታ የሌለው ነጭ ቅቤ በርካሽ ሲቀርብ ይጠንቀቁ።

አሁንም ሩብ ወይም ግማሽ ኪሎ ብቻ ይግዙ። ቤት ወስደው በትንሽ ድስት በዝግታ ያቅልጡት። ንጹሕ ቅቤ አረፋውን አውጥቶ፣ ጥቂት ነጭ አንጉላ ከሥር ጥሎ፣ ላዩ ጥርት ያለ ወርቅማ ይሆናል። ሙዝ ወይም ድንች ያለበት ከሥር ወፍራም ቡናማ ዝቃጭ ይዞ ድስት ላይ ያራል፤ ሽታውም ይለወጣል። ዱቄት ወይም ድንች ከጠረጠሩ የቀለጠውን አቀዝቅዘው ከፋርማሲ የሚገኝ የቁስል አዮዲን ሁለት ጠብታ ዝቃጩ ላይ ያድርጉ። ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ስታርች አለበት፤ ያንን የሞከሩበትን ግን ይድፉት፣ ለምግብ አይሆንም። የአትክልት ዘይት በእነዚህ ፈተናዎች አይጋለጥም። ለእርሱ ያለው መከላከያ ሻጩን ማወቅ ነው፤ ከገጠር በየሳምንቱ የምትመጣ፣ ዓመቱን ሙሉ የምታውቋት ባለ ቅቤ ከበዓል ሰሞን ነጋዴ ትመረጣለች።

ቅቤው ፈተናውን ካለፈ በሚቀጥለው ገበያ ቀን ወደዚያው ሻጭ ተመልሰው የቀረውን ይግዙና ወዲያው ያንጥሩት። ኮረሪማው፣ አብሹ፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው ገብቶበት የተነጠረ ቅቤ እስከ ፋሲካ ያለ ማቀዝቀዣ ይቆያል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሌላም ጥቅም አለ፦ ቅቤው ችግር ካለበት ለመመለስ ጊዜ ይኖርዎታል። በአዋጅ 813 መሠረት በተገዛ ዕቃ ላይ ጉድለት ሲገኝ ሸማቹ ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። በዋዜማው የገዛ ሰው ግን ጉድለቱን የሚያየው ወጡ ድስት ላይ እያለ ነው።

በሆሣዕና ሳምንት መግቢያ፦ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ የታሸገ ዕቃ

ሽንኩርት ከቆጋ መስኖና ከፎገራ በኩል ስለሚገባ በከተማው አይታጣም፤ መንገድ ሲዘጋ ግን ዋጋው በአንድ ቀን ይዘላል። አንገቱ የደረቀ፣ ሲጫኑት የማይለሰልስ ከሆነ ሁለት ሳምንት በጆንያ ላይ ተዘርግቶ ይቆያል። ቡናም ጥሬውን ይግዙ፤ የዘጌ ይሁን የሌላ፣ ተቆልቶ ከተፈጨ በኋላ ገብስ ይኑርበት አይኑርበት በዓይን አይለይም። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ በሰፈርዎ ካለ ዘይትና ስኳር እዚያ አስቀድመው ይጠይቁ።

የታሸገ ዕቃ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የማብቂያ ቀኑን ሲያነብ ነው። ከውጭ የሚገባው በፈረንጆች አቆጣጠር ይጻፋል፤ የአገር ውስጡ አንዳንዱ በኢትዮጵያ፣ አንዳንዱ በፈረንጆች ነው። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። ስለዚህ «2018» የሚል ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ከ2025 እስከ 2026 የሚዘልቅ ጊዜ ነው፤ በፈረንጆች ከሆነ ግን ዕቃው ካለፈበት ዓመታት ሆኖታል። የተመረተበትን ቀን ከማብቂያው ጋር አስተያይተው ያንብቡ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ አቆጣጠሩ ይገለጣል። ቀኑ የተፋቀ፣ በላዩ ሌላ ወረቀት የተለጠፈበት ወይም ጨርሶ የሌለው ዕቃ አይግዙ። የዘይት ጀሪካን ክዳኑ ላይ ያለው ቀለበት የተበጠሰ ከሆነ ሌላ ነገር ተሞልቶበት ሊሆን ይችላል። የአልኮል ጠርሙስም እንዲሁ፤ ማኅተሙ የተነካካ መጠጥ ውስጥ ያለው ሜታኖል ከሆነ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም።

እንቁላል ቤት ሲደርስ ውኃ ውስጥ ይክተቱ፦ የሚተኛው ትኩስ ነው፣ የሚቆመው ቆይቷል፣ የሚንሳፈፈው ይጣል።

በሰሙነ ሕማማት፦ ዶሮና በግ

ዶሮ ከማክሰኞና ከረቡዕ ጀምሮ ይግዙ። በዓል ሲቃረብ ከብዙ መንደር የመጡ ዶሮዎች በአንድ ቅርጫት ይታጎራሉ፤ ፈንግል የሚባለው በሽታ በዚህ ሰሞን በፍጥነት ይዛመታል። መታመሙን ያየ ሰው ሳይሞትበት ቶሎ ሊሸጠው ይሞክራል። ዓይኑን የጨፈነ፣ ክንፉን ያንጠለጠለ፣ ኩክኒው የጠቆረ፣ ሲተነፍስ የሚያንኮራፋ፣ ከኋላው አረንጓዴ ቅዝን የለጠፈበት ዶሮ ይተዉት። ደረቱን በጣት ይዳስሱ፤ አጥንቱ እንደ ቢላ ስለት ከወጣ ሥጋ የለውም። ማንቁርቱ ሥር ያለው ከረጢት በእህልና በውኃ ተወጥሮ ከሆነም ክብደቱ አያታልልዎት። ቤት ሌላ ዶሮ ካለ አዲሱን ለብቻ ያስሩት።

በግ ላይ የሚሠራው የታወቀ ዘዴ ጨው ማስላስ ነው። ጨው የላሰ በግ ውኃ ጠጥቶ ሆዱ ይነፋል፤ ገበያ ላይ ሲታይ ሙክት ይመስላል። ስለዚህ ሆዱን አይዩ፤ እጅዎን ሽንጡ ላይ ያድርጉ። የጀርባ አጥንቱ ግራና ቀኝ በሥጋ ከተሞላ በጉ ሥጋ አለው፤ አጥንቱ እየተቆረቆረ ሆዱ የተወጠረ ከሆነ የሚገዙት ውኃ ነው። ላቱንም ይጨብጡ፣ ጠንከር ያለና የሞላ ይሁን። በባሕር ዳር ዙሪያ በብዛት የሚመጣው የዋሸራ በግ ወንዱም ሴቷም ቀንድ የለውም፤ ቀንድ አለመኖሩ የዕድሜ ምልክት አይደለም። ዕድሜው የሚታወቀው በጥርሱ ነው። ከፊት ሁለት ትልልቅ ጥርስ ያወጣ በግ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ነው፣ ሥጋውም ለስላሳ ነው። ንፍጥ የሚያወርድ፣ የሚያስል፣ የሚያነክስ ወይም ከመንጋው ተለይቶ ያቀረቀረ በግ አይግዙ። ገዝተው ሲጎትቱት ሰው መሐል ገብቶ እንዳይቀየርብዎት በቀለም ወይም በገመድ ምልክት ያድርጉበት።

ሥጋ፣ ቅርጫና ቄራ

ቅርጫ የሚገቡ ሰዎች በሬውን ከመታረዱ አንድ ቀን በፊት ቆሞ፣ በልቶ፣ አመስኩቶ ይዩት። ድንገት ሞቶ ወይም «ሊሞት ሲል» ታርዶ በርካሽ የሚቀርብ ሥጋ በፍጹም አይነካ፤ አባ ሰንጋ የተባለው በሽታ ሥጋውን ከሚበላው በፊት የሚገፍፈውንና የሚቆርጠውን ይይዛል። ከአፍና ከአፍንጫው ያልረጋ ደም የወጣ እንስሳ ካዩ ሳይከፍቱት ለእንስሳት ሐኪም ይንገሩ።

ሥጋ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ ነጭ ከረጢቶች ካሉ የኮሶ ትል ነውና ጥሬውን መብላት አይታሰብም። ከሥጋ ቤት ሲገዙ የቄራ ማኅተም ያለበትን ይጠይቁ። ቤት ሲታረድ ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ከተገኘ ለውሻ አይጣል፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት። ውሻው ከበላው ትሉ በውሻው በኩል ወደ ልጆች ይመለሳል። ሚያዝያ በባሕር ዳር ሙቀቱ የሚበረታበት ወቅት ስለሆነ ጥሬ ሥጋ ያለ ማቀዝቀዣ ከጥቂት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ቋንጣ የሚሆነው በዚያው ቀን ይዘልዘል።

ገንዘብ፦ ብሩና ስልኩ

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ያሉት ባለ 100 እና ባለ 200 ብር ኖቶች በበዓል ሰሞን በሐሰተኛ ይተካሉ። መልስ ሲቀበሉ ኖቱን በጣት ይዳስሱ፤ ጎላ ያለ ኅትመት አለው። ወደ ብርሃን ያንሡት፤ ውስጡ ያለው ምስልና ክር ይታያል። ከመሸ በኋላ ትልቅ ኖት መልስ አይቀበሉ። ሐሰተኛ መሆኑን ካወቁ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ወንጀል ነው፤ ለባንክ ወይም ለፖሊስ ያስረክቡ።

በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ሲከፍሉ የምስጢር ቁጥር ከማስገባትዎ በፊት ማያ ገጹ ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም ጮክ ብለው ለነጋዴው ያንብቡ። ቁጥሩን እርሱ እየነገረዎት ስለሚጽፉ አንዲት አሃዝ ብትሳሳት ገንዘቡ ወደ ማያውቁት ሰው ይሄዳል። የግብይት ቁጥሩን እስከ ማግስቱ አያጥፉ።

«በስሕተት ልኬብህ ነው፣ እባክህ መልስልኝ» የሚል ስልክ ሲደወል መልእክቱን አይመኑ፤ መተግበሪያውን ከፍተው ቀሪ ሒሳብዎን ይዩ። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፤ ከመደበኛ የሞባይል ቁጥር የመጣ «ገቢ ሆኗል» የሚል ጽሑፍ የሰው እጅ የጻፈው ነው። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ከሆነም ራስዎ መልሰው አይላኩ፤ በ127 ወይም የንግድ ባንክ ከሆነ በ951 ደውለው በእነርሱ በኩል ይመለስ። የምስጢር ቁጥርዎን ወይም በመልእክት የመጣልዎትን ኮድ ለማንም አይስጡ፣ «ከባንክ ነው የምደውለው» ቢልም። ወላጆችዎ ስልክ በቅርቡ የያዙ ከሆነ ይህን ከበዓል በፊት ቁጭ ብለው ያስረዷቸው፤ በአጭበርባሪዎች በብዛት የሚደወለው ለእነርሱ ነው።

በቴሌግራም የሚሸጥ ልብስና ስልክ ላይ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ሻጭ ካጋጠመዎት ይተዉት። ዕቃውን በቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ፣ ከፍተው አይተው ይክፈሉ። ስልክ ከሆነ *#06# ደውለው የሚወጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ያመሳክሩ።

ከተታለሉ

ደረሰኝ በገዙ ጊዜ ሁሉ ይጠይቁ። ከጉልት የሚገዙት ነገር ደረሰኝ ስለሌለው የሻጩን ቦታና የገዙበትን ሰዓት ይጻፉ፣ የሚዛኑን ቁጥር ፎቶ ያንሡ። መጀመሪያ ወደ ሻጩ በትሕትና ይመለሱ፤ ብዙው ጉዳይ እዚያው ያልቃል። እምቢ ካለ ወደ ክፍለ ከተማው የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ ከሆነ ለፖሊስም ያመልክቱ፤ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ነገ ሌላ ቤት ልጅ ይበላዋል።

ተናድደው ቅቤውን ወይም በርበሬውን አይጣሉት። ግማሹን በመጣበት መጠቅለያ እንዳለ አሽገው፣ የገዙበትን ቀን ጽፈውበት ያስቀምጡ። ናሙና ሳይኖር መርማሪው የሚይዘው ነገር አይኖርም።